የብዝኃ ሕይወት መረጃ የጋራ ደረጃ፦ ከኮኪት እስከ አልጣሽ

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ኮኪት በይበልጥ የምትታወቀው በሰሊጥ ነው። ይሁን እንጂ በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከሰሊጥና ከማሽላ ዝርያዎች ሌላ የዕጣን ዛፍ፣ የሙጫ ዛፎችና ሽመል የሚበቅሉበት ሲሆን፣ በስተደቡብ ምዕራብ በቋራ ወረዳ ደግሞ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። የዚህን ሀብት መረጃ የሚሰበስቡት ተቋማት በርካታ ናቸው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለዕቅዱ፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ለሙከራው፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለጂን ባንኩ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርቤሪየም ለዕፅዋት ጥናቱ፣ ፓርኩም ለጥበቃ ሥራው ይመዘግባል። አንዱ የመዘገበውን ሌላው አንብቦ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን የአመዘጋገቡ ሥርዓት አንድ ሲሆን ነው። የመረጃ ደረጃ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ምን እንደታየ፣ የት፣ መቼና በማን እንደተመዘገበ ሁሉም ተቋም በተመሳሳይ መንገድ እንዲጽፍ የሚደረግ ስምምነት።

የመጀመሪያው ጉዳይ ስም ነው። በአማርኛ የዕጣን ዛፍ የሚባለው በትግርኛ መቀር ይባላል፤ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ሳይንሳዊ ስምም ቢሆን ይለወጣል። ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኢትዮጵያ ፍሎራ ጥራዝ በአካሺያ ወገን ውስጥ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተካሄደውና በ2011 በሜልቦርን የጸናው የዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ውሳኔ ግን አካሺያ የሚለውን ስም በአብዛኛው ለአውስትራሊያ ዝርያዎች በመተዉ፣ ሐሻብ በአሁኑ ጊዜ ሴኔጋሊያ በሚል ወገን ይጠራል። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ መዝገብ ከሌለ አንዱ ዛፍ በሁለት መስመር ተቆጥሮ የሁለት ዝርያዎች ድምር ሆኖ ይቀርባል።

ቀን በኢትዮጵያ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንድ የመስክ ቅጽ ላይ 5/6/2003 ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 2003 ዓ.ም ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2011 ነው። አንባቢው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከወሰደው ግን ጁን 5 ቀን 2003፣ ወይም እንደ አሜሪካውያን ልማድ ሜይ 6 ቀን 2003 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የዓመታት ብቻ አይደለም። በየካቲት የዕጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚደማበት ወቅት ሲሆን፣ በሰኔ ዝናቡ ገብቶ ያቆጠቁጣል። ሕግም ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ አንዱ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛ ዓምድ 482/1998፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ 482/2006 ተብሎ ይጠቀሳል።

ቦታ ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ነው። ጂፒኤስ ከመስፋፋቱ በፊት ናሙና የተለቀመበት ሥፍራ የሚገለጸው በቅርብ ከተማ ስምና በመንገድ ርቀት ነበር። የአስተዳደር ስሞች ደግሞ ተፈራርቀዋል። ዛሬ ምዕራብ ጎንደር ዞን የሚባለው አካባቢ ቀደም ሲል የሰሜን ጎንደር ዞን፣ ከዚያ በፊት የጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ከዚያም በፊት የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። ወደኋላ ሲኬድ፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌዎርግ ሽዋይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1865 በዚሁ አካባቢ ለሰበሰባቸው ናሙናዎች የጻፈው የቦታ ስም ገላባት ነው። ገላባት ዛሬ ከመተማ ዮሐንስ ትይዩ የምትገኝ የሱዳን ከተማ ስም በመሆኑ፣ ናሙናው ለየትኛው አገር እንደሚመዘገብ ከስሙ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ጂፒኤስ መኖሩም በራሱ መፍትሔ አይሆንም። በካርታ ሥራ በስፋት የሚሠራበት የዩቲኤም ሥርዓት ምድርን በ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት በዞኖች ይከፋፍላል። የ36ኛውና የ37ኛው ዞን ወሰን የሆነው 36ኛው ዲግሪ የሚያልፈው በዚሁ ቆላ ነው። ኮኪት ከመስመሩ በስተምሥራቅ፣ አልጣሽ ደግሞ በስተምዕራብ ይውላሉ። የዞኑ ቁጥር ሳይጻፍ የተላለፈ የአልጣሽ ነጥብ አዲስ አበባ ላይ እንደ 37ኛ ዞን ቢነበብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሸሽና አፋር ውስጥ ያርፋል። በቀድሞዎቹ የአገሪቱ ካርታዎች ይሠራበት የነበረው አዲንዳን የተሰኘው መነሻና ጂፒኤስ የሚጠቀምበት መነሻም ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ለወረዳ ካርታ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለዕጣን ደን ወሰን ግን አይደለም።

ለእነዚህ ችግሮች የተዘጋጁ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። ለሰብል ናሙናዎች የፋኦና የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት፣ በ2012 እና በ2015 የተሻሻለው የናሙና ማንነት መግለጫ ይገኛል። በዚህ ሰነድ ቀን በዓመት፣ በወርና በዕለት ቅደም ተከተል በስምንት አኃዝ የሚጻፍ ሲሆን፣ ወሩ ወይም ዕለቱ ካልታወቀ በግምት ከመሙላት ይልቅ ክፍተቱ በምልክት ይታያል። በመስክ ለታዩ ዕፅዋትና እንስሳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ዳርዊን ኮር ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘው ጂቢፍ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ማዕከል መዝገቦችን የሚቀበለው በዚሁ ሥርዓት ነው። አገሪቱም ከባዶ አትነሣም። የዛሬው ኢንስቲትዩት መነሻ የሆነው የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተከናወነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ሥራም ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዕፅዋትን በአንድ የስም ሥርዓት አስፍሯል።

መረጃ በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲሰበሰብ የሚገኘውን ጥቅም የዕጣን ዛፍ በግልጽ ያሳያል። በመተማ ለምለም ተራራ የተካሄደውን ጨምሮ ለዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የግንድን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በመለካት የተመዘገቡ ነበሩ። በመሆኑም በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ 23 የዛፉ ሥፍራዎችን በአንድነት ማነጻጸር ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ሥፍራዎች ለጋ ዛፎች አልተገኙም፤ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ደኑን በሩቅ የሚያይ ሰው ቁመታቸው የደረሰ ዛፎችን ስለሚመለከት ይህን ጉድለት አይረዳውም። የእርሻ መሬት ጥያቄ ሲቀርብም ደኑ ደኅና መስሎ ይታያል።

ሌላው ጉዳይ የመብት ነው። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ፣ በሙሉ ስሙ የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርካቦትና የኅብረተሰብ መብት አዋጅ፣ መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶውን ለአካባቢው ኅብረተሰብ ይሰጣል። ከኮኪት ገበሬ ማሳ የተወሰደ ሰሊጥ በመዝገቡ ላይ «ጎንደር» ብቻ ተብሎ ከሰፈረ፣ ባለመብቱን ቀበሌ ከዓመታት በኋላ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የጋራ ደረጃ ማለት ግን ሁሉንም መረጃ ለሁሉም መግለጥ አይደለም። በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸው በ2008 ዓ.ም በወጥመድ ካሜራ ፎቶግራፍ ተረጋግጦ ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ከድንበሩ ማዶ ካለው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር አብሮ የሚጠበቅ የአንበሳ መኖሪያ መሆኑ ታውቋል። እንስሳቱ ድንበር ስለማያውቁ የሁለቱ አገሮች ቆጠራ መመሳሰል ይኖርበታል፤ የታዩበት ትክክለኛ ነጥብ ግን ለአዳኝ መንገድ ጠቋሚ እንዳይሆን ለሕዝብ በሚቀርበው ቅጂ ላይ ይደበዝዛል። ደረጃዎቹም ነጥቡ ሆን ተብሎ መደብዘዙና በምን ያህል ርቀት እንደተደበዘዘ እንዲጻፍ ቦታ አላቸው።

ለወረዳና ለቀበሌ ባለሙያ ይህ ሁሉ ውድ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ በወረቀት ቅጽም ይሠራል። የአካባቢው ስም ከሳይንሳዊው ጎን ይጻፋል፤ ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይለያል፤ ቀበሌውና ወረዳው በዕለቱ በነበራቸው ስም ይሰፍራሉ፤ የጂፒኤስ ነጥቡ በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ይመዘገባል፤ በዩቲኤም ከሆነም የዞኑ ቁጥርና የካርታው መነሻ አብረው ይጻፋሉ። ናሙና ከተወሰደ በማሳው ባለቤት እጅ የሚቀረው ደረሰኝና በጂን ባንኩ ከረጢት ላይ የሚለጠፈው ቁጥር አንድ መሆን ይኖርበታል።