በስህተት አድራሻ የተሰየመው አባሰንጋ

እ.ኤ.አ. በ1981 ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ጊደር በአባሰንጋ ሞተች። ከእርሷ የተወሰደው ባክቴሪያ ሜሪላንድ፣ ፎርት ዴትሪክ ወዳለው የጦር ሠራዊት ላቦራቶሪ ሲላክ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው የላኪ አድራሻ የአዮዋዋ ኤምስ ነበር፤ የመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ያለባት ከተማ። ተቀባዮቹ አድራሻውን አይተው ባክቴሪያውን «ኤምስ» አሉት። ስሙ በዚያው ጸና።

በ2001 መስከረምና ጥቅምት በአሜሪካ የአባሰንጋ ዱቄት የያዙ ደብዳቤዎች ተሠራጩ፤ 22 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞቱ። ከመጀመሪያው ሟች የተወሰደው ናሙና አሪዞና ወደሚገኘው የዘረመል ተመራማሪው የፖል ካይም ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ ብዙም አልቆየም፦ ኤምስ ነው።

ዝርያውን መለየት ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። አባሰንጋ የሚተኛ ባክቴሪያ ነው። ከብቱ ሞቶ ደሙ ሲፈስ ወደ ስፖርነት ይለወጥና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያንቀላፋል። በተኛበት አይራባም፤ ሳይራባ ደግሞ ዘረመሉ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ አገሮች አባሰንጋ እንደ መንታ ይመሳሰላል። ካይምና ባልደረቦቹ በ2007 ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ከ1,000 በላይ ናሙናዎችን አነጻጽረው ሦስት ታላላቅ ቅርንጫፎች አገኙ፤ 90 በመቶ ያህሉ የአንዱ ቅርንጫፍ ልጆች ናቸው። በዚህ ሁሉ መመሳሰል ውስጥ አንዲት የተለወጠች የዘረመል ፊደል ትልቅ ምስክር ናት።

የቴክሳሷ ጊደር ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች የተገኙት ቻይና ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ዘሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ወደ ቴክሳስና ሉዊዚያና ጠረፍ ሳይገባ አልቀረም ይላሉ። ስሙን የሰጠችው ኤምስ ከዚህ ጉዞ ውስጥ የለችበትም።

ሆኖም ዕዳውን የከፈለችው እርሷ ናት። ደብዳቤዎቹ አገር ባሸበሩበት በዚያ ጥቅምት፣ ኤምስ የሚገኘው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥበቃው ነገር አሳስቦት ከሰባት አሥርት ዓመታት በላይ ያከማቸውን የአባሰንጋ ስብስብ አወደመ። የፌዴራል ምርመራ ቢሮውም (ኤፍ.ቢ.አይ.) አልተቃወመም። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ጥፋቱ ግን ያሳዝነኛል። ከ100 በላይ ብልቃጦች ነበሩ። እያንዳንዱ የአንድን መንጋ፣ የአንድን መስክ፣ የአንድን ዓመት አባሰንጋ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ካይም ሲያነጻጽር እነርሱ አልነበሩም።