ቡታጅራ፦ የጤና ተመራማሪዎች የወጡበት መስክ

የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የምርምር ሥራ ነው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዙሪያዋ ከስምጥ ሸለቆ ቆላ እስከ ጉራጌ ደጋ ስለሚዘልቅ የልዩ ልዩ አካባቢ ነዋሪዎችን ጤና ለማነጻጸር ያመቻል።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገጠር ልደትና ሞት በወጉ አይመዘገብም ነበር። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው በሕዝብ ቆጠራ ነው። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመርጠው ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተመዘገበ። ከ1987 ጀምሮ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የለቀቀውን ጻፉ። ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው በምን እንደሞተ ከቤተሰቡ ተጠይቆ ይጣራ ነበር። በዚህ መንገድ ተቅማጥና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ሕፃናትን በብዛት እንደሚገድሉ ታወቀ።

መዝገቡ ለተማሪ ትልቅ ሀብት ሆነ። ናሙና የሚያወጣበት የነዋሪ ዝርዝርና የዓመታት መረጃ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የዶክትሬት ተማሪዎች መረጃቸውን ቡታጅራ እየሰበሰቡ በኡሜዮ መምህራን እየታገዙ ይጽፉ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ደስታ ሻመቦ ራሳቸው የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ፕሮጀክት ላይ ነው። አታላይ ዓለም በ1997 በገጠር ስላለው የአእምሮ ጤና፣ የማነ ብርሃነ በ2000 ስለ ሴቶች ጤና የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ።

የአንዱ ጥናት ለሌላው በር ከፈተ። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በበርካታ አገሮች ባካሄደው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ጥናትም ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራ ናት። በ2005 በወጣው ሪፖርት መሠረት ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ተጠያቂዎች 71 በመቶው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ተመራማሪው ንጉሤ ደየሳ ይህንን ጥቃት ከድብርት ጋር አያይዘው ባጠኑ ጊዜ፣ በ2009 የታተመውን ጽሑፍ አብረው ካዘጋጁት መካከል የማነ ብርሃነና አታላይ ዓለም ይገኙበታል። የትናንት ተማሪዎች በዚያው መስክ የተከታዩ ትውልድ መሪዎች ሆነዋል። ለኢትዮጵያ የጤና ምርምር የቡታጅራ ዋነኛ አስተዋጽኦም ይኸው ነው፦ መረጃውን ብቻ ሳይሆን መረጃውን የሚጠይቅና ሌላውን የሚያስተምር ሰው ማፍራት።