ኮርቬት፤ የአሜሪካ የስፖርት አውቶሞቢል

ኮርቬት በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ክፍል የሆነው ሼቭሮሌ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ የስፖርት አውቶሞቢል ነው፤ በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ስሙ የተወሰደው ኮርቬት ከምትባለው ፈጣንና አነስተኛ የጦር መርከብ ሲሆን፣ ከተወለደበት ዘመን እስከ አሁን ድረስ ስምንት ትውልዶች ተቈጥረውለታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈጸም፣ በአውሮፓ የዘመቱት ወጣት አሜሪካውያን ኤም ጂንና ጃጓርን የመሳሰሉትን የእንግሊዝ የስፖርት መኪናዎች ወድደው በተመለሱ ጊዜ፣ የዲትሮይት ፋብሪካዎች ለቤተሰብ የሚሆን ሰፊና ከባድ አውቶሞቢል እንጂ ይህን የመሰለ ነገር አልነበራቸውም። ይህን ጉድለት የተመለከተው፣ በጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ሥራ ክፍል የበላይ የነበረው ሃርሊ ኧርል፣ ያዘጋጀውን ናሙና ጃንዋሪ 17 ቀን 1953 በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል፣ ሞቶራማ በተባለው ትርኢት ላይ ለሕዝብ አቀረበ። የተመልካቹም አድናቆት እጅግ የበዛ ስለ ነበረ፣ ኩባንያው ጊዜ ሳያባክን በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን፣ በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ የመጀመሪያውን ለሽያጭ ሠርቶ አወጣ። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም በእጅ የተገጣጠሙ፣ ውጫቸው ነጭ ውስጣቸው ቀይ ነበሩ። አካላቸውም በቈርቈሮ ፈንታ በፋይበርግላስ ተሠራ፤ ቈርቈሮውን የሚቀርጸው መሣሪያ ብዙ ወጪና ረጅም ጊዜ ሲጠይቅ፣ ፋይበርግላስ ግን በጥቂት ቍጥር ለሚሠራ ዕቃ በርካሽና በቶሎ የሚቀረጽ ነበረና።

ይሁን እንጂ መልኩና ግብሩ አልተስማሙም። ያ ያማረ ኮፈን ከሥሩ የሸሸገው፣ ለተራው የሼቭሮሌ መኪና ታስቦ የተሠራውን፣ ጥቂት ተሻሽሎም 150 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ የተደረገውን ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ካምቢዮውም ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ በመሆኑ፣ ማርሽ በእጁ እየለወጠ መንዳት የሚወደው ሰው ናቀው፤ ምቾት ፈላጊውም በበኩሉ፣ በሩ የሚወርድና የሚወጣ መስታወት፣ ከውጭም እጀታ የሌለው ሆኖ ስላገኘው ሸሸው። በ1954 ሥራው በሚዙሪ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛውሮ 3,640 ቢሠሩ ብዙዎቹ ገዢ አጥተው ስለ ቀሩ፣ በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ሆኑ፤ ኩባንያውም ሥራውን ጨርሶ ለመተው እስከ ማሰብ ደረሰ። ከዚህ አፋፍ የመለሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው፣ ፎርድ በዚያው ዓመት ተንደርበርድን አውጥቶ ገበያውን በያዘ ጊዜ፣ ሜዳውን ለባላንጣ ለቅቆ መሄድ ለሼቭሮሌ እንደ ውርደት መቈጠሩ፣ ሁለተኛውም በኤድ ኮል መሪነት የተዘጋጀው አዲሱ ቪ 8 ሞተር በ1955 በኮርቬት ላይ መገጠሙ ነው።

ለዚህ ውብ አካል ግን ነፍስ የዘራበት መሐንዲሱ ዞራ አርከስ ደንቶቭ ነበር። ይህ ሰው በ1909 በብራስልስ ከሩሲያ አይሁድ ወላጆች ተወልዶ፣ በሌኒንግራድ አድጎ፣ በበርሊን ምህንድስና ተምሮ፣ በጦርነቱም ጊዜ ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሲሆን፣ ኮርቬትን በኒው ዮርኩ ትርኢት አይቶ በመልኩ የተደነቀውን ያህል በውስጡ ስላዘነ፣ ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፎ በ1953 ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአለቆቹ ባቀረበው ማስታወሻ፣ ፍጥነት ወዳዱ ወጣት ፎርድን የሙጥኝ ማለቱን አስረድቶ፣ ሼቭሮሌም ለእሽቅድምድም የሚሆኑ የሞተር ክፍሎችን አዘጋጅቶ ይህን ትውልድ እንዲማርክ መከረ። ምክሩም ፍሬ አፍርቶ፣ በ1957 ቤንዚኑ ያለ ካርቡራተር በግፊት የሚረጭበትና 4.6 ሊትር የሆነው ሞተር 283 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ በ1960ም የብሪግስ ካኒንግሃም ቡድን ይዞት በዘመተው በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት የሌ ማን ውድድር፣ ጆን ፊችና ቦብ ግሮስማን የነዱት ኮርቬት በመደቡ አንደኛ ወጣ።

ሁለተኛው ትውልድ፣ ስቲንግ ሬይ የተባለው፣ በ1963 ወጣ። ቅርጹን በቢል ሚቸል መሪነት ላሪ ሺኖዳ ሲነድፈው፣ ደንቶቭ በበኩሉ የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የመንገዱን ጉድጓድና እብጠት እንዲከተሉ አደረገ። ሚቸል የኋላውን መስታወት ከመካከሉ ለሁለት የሚከፍል አከርካሪ ሲያኖርበት፣ ደንቶቭ የነጂውን እይታ ይከልላል ብሎ ቢቃወምም የሚቸል ሐሳብ ረታ፤ ነገር ግን በማግስቱ ዓመት አከርካሪው ተነሣ፤ ስለዚህም የ1963ቱ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ሆነ። በዚያ ዓመት 21,513 ኮርቬቶች ተሠሩ።

ከ1968 እስከ 1982 የቈየው ሦስተኛው ትውልድ በመከራ ዘመን አለፈ። የአየር ብክለትን የሚከለክለው ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ የሞተሩ ኃይል እየደከመ፣ በ1975 የመደበኛው ሞተር ጉልበት ወደ 165 ወረደ። የሚያስገርመው ግን በዚህ የድካም ዘመን የገዢው ቍጥር መብዛቱ ነው፤ በ1979 የተሠሩት 53,807 ሲሆኑ፣ ይህም ኮርቬት በአንድ የሞዴል ዓመት ካስመዘገበው ሁሉ የበለጠው ሆነ። በ1981 ፋብሪካው በኬንታኪ ግዛት ወደ ቦውሊንግ ግሪን ተዛወረ። አራተኛው ትውልድ ስለ ዘገየ የ1983 ሞዴል ለገበያ አልቀረበም፤ ለሙከራ ከተሠሩትም የተረፈው አንድ ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮንኛው በ1992፣ የመጀመሪያዎቹን 300 እንዲመስል ውጩ ነጭ ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ። በዚያው ከተማ በ1994 የተከፈተው የኮርቬት ቤተ መዘክር ወለል ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 ድንገት ተደርምሶ ስምንት መኪናዎችን በዋጠ ጊዜ፣ ይኸው መኪና ከመካከላቸው ነበረ፤ በኋላም ወጥቶ ታድሷል።

ደንቶቭ በዘመነ ሥራው ሁሉ ሲለምነው የኖረ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ክብደቱ ለኋላ ጎማዎች ኃይል እንዲሰጥ፣ ሞተሩን ከፊት አንሥቶ ከነጂው ጀርባ ማኖር ነው። ከ1960 አንሥቶ ይህን ሐሳብ የሚያስረዱ የሙከራ መኪናዎች ቢሠራም፣ አለቆቹ፣ ያለው እየተሸጠ ሳለ ለአዲስ ሥራ ብዙ ገንዘብ ማውጣትን አልወደዱም። እርሱም በ1975 ጡረታ ወጥቶ፣ በ1996 ሐሳቡ ሳይፈጸም ዐረፈ፤ ዐመዱም በቦውሊንግ ግሪኑ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። ስምንተኛው ትውልድ ጁላይ 18 ቀን 2019 ሲገለጥ ግን ሞተሩ ከነጂው ጀርባ ሆኖ ታየ፤ 6.2 ሊትሩም ሞተር 490 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ መነሻ ዋጋው ከ60,000 ዶላር በታች ነበር። ከዚህ ትውልድ የወጣው የ2025ቱ ዜድ አር 1 ደግሞ 1,064 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ይህም የ1953ቱን ሰባት እጥፍ ያህላል። እንግዲህ ኮርቬትን የፈጠረው ሃርሊ ኧርል ቢሆንም፣ የስፖርት መኪና ያደረገው ስደተኛው መሐንዲስ ነው።