ልብ ወለድና ታሪክ በአንድ መደርደሪያ

ተማሪዎቼ የሀገራችንን ታሪክ ለመረዳት ምን እናንብብ ሲሉኝ፣ ከምሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ልብ ወለድ ማግኘታቸው ያስገርማቸዋል። ሊያስገርም ግን አይገባም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ ወለድ በአማርኛ ገና ሲጀመር ከታሪክ ጋር ተጣምሮ ነው የተጠራው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀገር ሀብት ምንጩ ሥራ መሆኑን ያስተምራል። የሠራተኛውን ፍሬ የሚነጥቅ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማየት ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ያስፈልጋል። አበጀ በለው የመራቸው ገበሬዎች ለፊታውራሪ መሸሻ አንገብርም ያሉት በልብ ወለድ ነው፤ የመሬት አዋጁ የታወጀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ደርግም ቢሆን ልብ ወለድን እንደ ተረት አልናቀውም። የቀይ ኮከብ ዘመቻን መነሻ ያደረገው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛቸው ጠፋ።

ውድ አንባብያን፣ ልብ ወለድ ሰነድ አይደለም፤ ዓመተ ምሕረትና አኃዝ ከታሪክ መጽሐፍ ይፈለግ። ነገር ግን ዘመኑ በሰው ላይ ያደረሰውን ሳናውቅ ዘመኑን አወቅን ማለት አንችልም። ሁለቱንም ጎን ለጎን እናንብብ።