በሰባ አራት ዓመት ጓዝ ጠቅልሎ መነሣት

ሰንበቴ እንደ ስሟ ሰንበትን ትገበያያለች። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላው ሲመጣ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ከየመንደሩ ሲሰበሰብ፣ እሑድ እሑድ ከተማዋ ከአፍ እስከ ገደፏ ትሞላለች። የእሑዱ ገበያ ብር ደግሞ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል። ከሰኞዎቹ በአንዱ፣ አንድ ሽማግሌ ለሐጅ ጉዞ የሚከፈለውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥረው ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። «አባባ፣ መንገዱ አይከብድዎትም?» አልኳቸው፤ ባልጠይቅ ይሻል ነበር። «ልጄ፣ አርባ ዓመት በሬ ስገዛ፣ ልጅ ስድር፣ ድርቅ ሲመጣ በሬውን መልሼ ስሸጥ ኖርኩ። ዘንድሮ ካልሄድኩ ለከርሞ እግሬም አይጠብቀኝ» አሉኝና ደረሰኛቸውን አራት ቦታ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ትዝ ያሉኝ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው የለንደንን ኑሮ ጠቅልለው አዲስ አበባ የገቡት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ማንችስተር ተወለዱ። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገለውን ንቅናቄ የመሩ ስመ ጥር ሴት ናቸው። ልጅቱ በልባቸው ሠዓሊ ነበሩ፤ ለንደን ከሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገብተውም ተምረዋል። ብሩሹን ግን ትግሉ ቀማቸው። ተደጋግመው ታሰሩ፤ እህል አልቀምስም ሲሉም በጉሮሯቸው ቧንቧ እየተከተተ በግድ እንዲመገቡ ተደረገ። የመጀመሪያው የተላለፈ ምኞታቸው እንግዲህ ሥዕል ነው፤ ወደ እርሱ እንደ ሙያ አልተመለሱም። በ45 ዓመታቸው፣ ከኢጣልያዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮርዮ፣ በሕግ ሳይጋቡ ወንድ ልጅ ወለዱ። በዚህ የተቆጡት እናታቸው ሳይታረቋቸው በማግሥቱ ዓመት አረፉ።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሲልቪያ ብዕራቸውን ለኢትዮጵያ አነሡ። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተሰኘው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ ዕትም ቀን የተጻፈበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! ዕለቱ 54ኛ የልደት ቀናቸውም ነበር። ዓለም ጉዳዩ አበቃለት ባለ ጊዜ የተጀመረ ጋዜጣ ሃያ ዓመት ዘለቀ። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሹማምንት በደብዳቤያቸው ብዛት ተማርረው ነበር ይባላል፤ የአገሪቱ የስለላ ድርጅትም በዓይነ ቁራኛ ይከታተላቸው ነበር።

የሚገርመው ይህን ሁሉ ሲጽፉ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም። የባሕር ዛፉን ሽታ፣ የክረምቱን ጭቃ፣ የደብሩን ደወል ከሌላ ሰው አፍ ነበር የሚሰሙት። መጀመሪያ የመጡት ጋዜጣው ከተመሠረተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ በ62 ዓመታቸው ነው። ሁለተኛ ጊዜ የመጡት ብዙ የደከሙለትና ገንዘብ ያሰባሰቡለት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መጥተው ተመለሱ። እንዴት ይቅሩ? በየሳምንቱ የሚታተም ጋዜጣ አለ፤ የሚማር ልጅ አለ፤ ጤናው የደከመ ኮርዮ አለ። የቤት ጣጣ ሰውን እንዴት እንደሚያስር የሚያውቅ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1953 የልብ ሕመም ጣላቸው። በማግሥቱ ዓመት መባቻ ላይ ኮርዮ ሞቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ከእሳት ዳር ተቀምጦ ሻሉን ይደርብ ነበር። ሲልቪያ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ኢትዮጵያ የባህል ታሪክ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዓመቱ ጋዜጣውን ዘግተው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር በ1948 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ገቡ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሆኑ። እናትየው ዕረፍት ላይ አልነበሩም፤ በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። ለመጽሔቱም ብለው በዚያ ዘመን መንገድ አቧራ እየጠጡ አገሩን ዞሩ፤ ከተማውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሴቱን ኑሮ እያዩ ጻፉ።

አንድ ነገር አልሸሽግም። በወጣትነታቸው ሥልጣንን ሁሉ ሲሞግቱ የኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ሞስኮ ድረስ ሄደው ከሌኒን ጋር የተሟገቱ ሴት፣ በእርጅናቸው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ጉድፍ ለማየት ፈቃደኛ አልነበሩም። ፍቅር ይሆን፣ ውለታ ይሆን፣ ወይስ ስንት ዘመን የተሟገቱላትን አገር መውቀስ ከበዳቸው? እኔ የመጨረሻው ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ቢኖሩ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አልደረሱበትም። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በ78 ዓመታቸው አረፉ። ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ የኖረች ነፍስ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተፈታች። ለጸሎቱ የክርስትና ስም ያስፈልግ ነበርና «ወለተ ክርስቶስ» ተባሉ። በሕይወት ሳሉ ቢሰሙት ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል። መቃብራቸው ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ ከአርበኞቹ ዘንድ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድም ዕድሜ ልካቸውን የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ ኖረው፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም. እዚያው ሥላሴ ተቀበሩ።

የሰኞው ሽማግሌ ከሄዱበት ተመልሰዋል። አሁን «ሐጂ» ነው የምላቸው። ጉዞው እንዴት እንደነበር ስጠይቃቸው፣ ስለ መካ ከማውራታቸው በፊት የነገሩኝ ስለ አውሮፕላኑ መስኮት ነው።