ብርሃነ ፀሐይና የእናት ማኅፀን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የስኮትላንድ ከተማ ግላስጎው በመርከብ ሥራና በብረት ማቅለጥ ስሟ በዓለም ገንኖ ሳለ፣ ሀብቷን ያስገኘላት የድንጋይ ከሰል ጢስ ሰማይዋን ጋርዶ፣ በጠባብ መንደር ተጨናንቀው የሚኖሩትን የሠራተኛ ልጆች ብርሃነ ፀሐይ ነሥቷቸው ነበር። ከዚህም ከምግብ እጦትም የተነሣ አጥንትን የሚያልፈሰፍሰው ሪኬትስ የሚባለው ደዌ በሕፃናቱ ላይ በረታ፤ ሴቶቹም አድገው ለወግ ለማዕረግ በደረሱ ጊዜ፣ በልጅነታቸው የተጣመመው የዳሌ አጥንት የፅንሱን መውጫ አጥብቦ ምጡን የሞት ጣር ያደርገው ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ ወር 1888 ዓ.ም. መርዶክ ካሜሮን የተባለው ሐኪም፣ በዚሁ ደዌ ምክንያት ቁመቷ ያጠረውንና ዳሌዋ የጠበበውን ካትሪን ኮልኩሁንን፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ ብዙ እናቶችን ሲገድል በኖረው ቄሳራዊ ቀዶ ጥገና አዋልዶ እናትንም ልጅንም ከሞት አተረፈ፤ ሕፃኑም ቄሳር ካሜሮን ተባለ።

ይሁን እንጂ ቢላዋ የወላዷን ሕይወት ያድናል እንጂ የደዌውን ሥር አይነቅልም። በጃፓን በሐኪምነትና በወንጌል መልእክተኛነት ያገለገለው ቴዎባልድ ፓልም በዚሁ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. የደዌው ምክንያት የፀሐይ እጦት መሆኑን ጻፈ፤ በ1919 ዓ.ም. በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ ሕሙማን ሕፃናትን በመብራት ጨረር ፈወሰ፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ኃይል ቫይታሚን ዲ ብሎ ሰየመው።

ፅንስ ይህን ቫይታሚን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ስለሆነ፣ የዘመናችን ሊቃውንት በእናቲቱ ደም ውስጥ ማነሱ ከ37 ሳምንት በፊት ለመውለድ ምክንያት ይሆን እንደሆነ ሲመረምሩ፣ ሁለቱ በአንድነት የሚታዩበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም፣ ቫይታሚኑን መስጠት ያለ ጊዜው መውለድን እንደሚያስቀር ግን እስካሁን አልተረጋገጠም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉድለት ላለባት እንጂ ለነፍሰ ጡር ሁሉ በመደበኛነት እንዲሰጥ አያዝም።

የግላስጎው ታሪክ የሚመሰክረው ግን የእናት ጤና ከፅንስ በፊት፣ ገና በልጅነቷ የሚጀምር መሆኑን ነው። ስለዚህ ሴት ልጆቻችንን ከፀሐይና ከመልካም ምግብ አንከልክላቸው፤ ጠቆር ያለ ገላ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይሻልና፣ ብርሃን በሚያንስበት በሰሜን አገር የምትኖሩ እኅቶቻችንም ስትፀንሱ ሐኪማችሁን ጠይቁ።