የጓሳ ሣርና የመንገደኛው ፎቶግራፍ

ወደ መንዝ ወጥቶ ከጓሳ ደጋ የደረሰ መንገደኛ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ሲያነሣ ያልጠበቀውን ነገር ያገኛል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው በዝግታ ይመላለሳል፤ እነርሱም አይሸሹትም፥ እርሱም እንደ ልማዱ ግልገሎቻቸውን አይነካም። ይህን ፎቶግራፍ በከተማ ተቀምጦ ያየ ሰው የኢሳይያስን ትንቢት ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ቀበሮውን ወደ መንጋው ያመጣው ፍቅር ሳይሆን አይጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደ ገለጠው፥ ቀበሮ ለብቻው ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ፥ በዝንጀሮዎቹ መካከል ሲሆን ግን 67ቱ ይሰምርለታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሣሩ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ምድሩን ተካፍለው ቄሮ የሚባለውን ሥርዓት አቆሙ። ባለርስቶቹ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ እየመረጡ፥ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፥ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ስም ያለበትን ክልከላ መድፈርም በመንዝ ሰው ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳሉ፥ ከብትም ያሰማራሉ።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ተሻረ፤ ጓሳውም ባለቤት እንደሌለው ሆኖ ያለ ልክ ታጨደ፥ ታረሰም። የመንዝ ገበሬዎች ግን ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ ከየቀበሌያቸው ሽማግሌ መርጠው ደጋውን እንደ አባቶቻቸው መዝጋት እንደገና ጀመሩ።